የጋሼ ዘብ የመጨረሻ አንቱታ

ሽማግሌው ተዋናይ ሞተው የተገኙት በሬዲዮ ጣቢያው የድምፅ መቅረጫ ክፍል ውስጥ፣ ማይክራፎኑ ፊት፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበር። በግራ እጃቸው ስልካቸውን ይዘዋል። በቀኝ እጃቸው ፓፋቸውን ጨብጠዋል፤ ፓፍ የሚሏት አስም ያለበት ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ወደ አፉ የሚነፋት መድኃኒት ናት። ያገኛቸው የሚጫወቱበት ድራማ አዘጋጅ ነው። አዘጋጁ ጮኸ ይላሉ፤ ማንም ግን አልሰማውም። የክፍሉ ግድግዳ በወፍራም ስፖንጅ ስለተለበጠ ውጭ መድፍ ቢተኮስ ውስጥ አይሰማም፣ ውስጥ ሰው ቢጮኽም ውጭ አይሰማም።

መርማሪዋ ከሰዓት በኋላ ደረሰች። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ቁንጫዋ» ነው የሚሏት፤ እሷ አርፋ አትቀመጥም፣ አጠገቧ የተቀመጠም ሰው አርፎ አይቀመጥም። ያን ዕለትም ወንበር ቢያመጡላት እምቢ ብላ ሬሳውን እየዞረች ታይ ጀመር። ፓፉን በመሐረብ ይዛ ከሟቹ እጅ አወጣችና ጫን አደረገችው። ፊስ የሚል ነገር የለም፤ ባዶ ነው።

«አልቆባቸዋል ማለት ነው» አለ አብሯት የመጣው አሥር አለቃ። «ወይ ዕድል!»

እሷ ዓይኗ ሌላ ቦታ ነበር። ሟቹ ፊት በተዘረጋው ጽሑፍ ላይ እርሳስ ተጋድሟል፤ ጫፉ ታኝኮ ታኝኮ ክር ክር ብሏል። መነጽራቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ የመነጽሩም እግር ጫፉ ተነክሷል። የፓፉ አፍ ግን ለስላሳ ነው፤ አንድም የጥርስ ምልክት የለበትም።

«እኚህ ሰው ያገኙትን ሁሉ የሚያኝኩ ሰው ናቸው» አለች። «ታዲያ ቀን ከሌት አፋቸው ውስጥ የምትገባዋን ነገር ምን ብለው ማሯት?»

አሥር አለቃው ጆሮውን አሸት አሸት አደረገ።

የሟቹን ድምፅ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ መልካቸውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በየሳምንቱ በሚተላለፈው ድራማ የአንድ ትልቅ ቤት ዘበኛ ሆነው ስለሚጫወቱ፣ አገር ምድሩ «ጋሼ ዘብ» ይላቸዋል። የዚያ ቤት እመቤት ደግሞ ክፉ ናት። ዘበኛውን ታዋርደዋለች፣ ደመወዙን ትከለክለዋለች፣ ዝናብ ላይ ታቆመዋለች። የእመቤቲቱን ድምፅ የምትሠራው ተዋናይ ግን ሰው ሲቆጣት ከቃሏ እንባዋ የሚቀድም ሴት ናት። ይህን ማን ያውቃል? አድማጭ የሚያውቀው እመቤቲቱን ነው።

ጋሼ ዘብ የመጨረሻ ስልካቸውን የደወሉት ለእሷ ሆኖ ተገኘ። አሥር አለቃው ሊጠይቃት ሲሄድ ፀጉር ቤት አገኛት፤ ፀጉር ሠሪዋም ሳትጠየቅ ተናገረች።

«በጆሮዬ በብረቱ ነው የሰማሁት!» አለች ማበጠሪያዋን እያወዛወዘች። «ስልኳን አንስታ ‹አቤት ጋሼ› አለች። ከዚያ ቀስ ብላ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሌላ ደንበኛዬ ጭንቅላት ላይ ሲያጓራ አልሰማሁትም። ቀጥሎ ግን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ‹እዚያው ሙት! ማንም አይከፍትልህም!› ብላ ጥርቅም አደረገችው። ለሽማግሌ ሰው ‹አንተ›! እኔ እኮ ጨዋ ናት ብዬ ወረፋ አስቀድማት ነበር።»

ተዋናይዋ ፀጉሯ በግማሽ እንደተሠራ ፖሊስ ጣቢያ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት የምርመራው አለቃ መርማሪዋን አስጠራት። «አልቋል» አላት። «ያቺ ሴት ጠዋት ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ ነበረች። ፓፋቸውን በባዶ ለወጠችባቸው። ሲታፈኑ ደወሉላት፤ ሙት አለቻቸው። ሌላ ምን ቀረሽ?»

«ለምን ትገድላቸዋለች?»

«እንዴት ለምን? አረመኔ ናት እኮ! ባለፈው ሳምንት ዝናብ ላይ አቁማቸው አልነበር?»

«እሱ ድራማው ነው፣ ጌታዬ።»

አለቃው ትንሽ አፈረ። «እሱስ ነው» አለ። «ግን የሌለሽን ክፋት ከየት ታመጪዋለሽ? ለማንኛውም ዛሬ የሆነ ነገር ካላመጣሽ ነገ ጠዋት ክሱ ይከፈታል። ሕዝቡ በሩ ላይ ቆሞ የሚለውን አልሰማሽም?»

ሰምታለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ተዋናይዋ እስር ክፍሏ ውስጥ ሆና አልሰማችም እንጂ፣ ውጭ የተሰበሰበው ሰው ስሟን ትቶ «እመቤቲቱ ትሰቀል!» እያለ ነበር። መርማሪዋ ድሮም ልብ ወለድ የማታነበው ለዚህ ነው። «ልብ ወለድ ላይ ነገር ሁሉ ምክንያቱን ይዞ ይመጣል» ትላለች። «እኔ ዘንድ የሚመጣው ግን ምክንያቱን ቤቱ ረስቶት ነው።» ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች።

ተዋናይዋ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የአንድ ወገን ፀጉሯ ተተኩሶ የሌላው ወገን እንደተንጨባረረ ተቀምጣለች። መርማሪዋ በሩን ዘጋችና ከግድግዳ ግድግዳ መመላለስ ጀመረች።

«ለሽማግሌ ሰው ‹እዚያው ሙት› ብለሻል?»

«ጽሑፉ ነው!» አለች ተዋናይዋ። «ጋሼ ልማድ ነበራቸው። አዲስ ጽሑፍ ሲደርሳቸው ይደውሉልኛል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ ቀጥታ ወደ ንግግሩ ነው። ገበያም ልሁን፣ አልጋ ላይም ልሁን፣ እኔ የእመቤቲቱን እመልሳለሁ፤ ከዚያ እንዘጋለን። ጨዋታችን ነበር። አንዴ ታክሲ ውስጥ ‹ዛሬ አንተን ካላባረርኩ!› ብዬ ስጮኽ ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ ‹ምን አጠፋሁ?› አለኝ።» ልትስቅ ጀምራ ተወችው።

«ትናንትስ ምን አሉሽ?»

«ያው ጽሑፉ ላይ ያለውን። ዘበኛው ምድር ቤት ተቆልፎበት ትንፋሽ ያጥረዋል፤ እመቤቲቱን ይለምናል። ‹ትንፋሼ ተቆረጠ፣ በሩን…› ቃል በቃል እሱን ነው ያሉት።»

«ቃል በቃል?»

ተዋናይዋ ጣቶቿን ማፍተልተል ጀመረች። መርማሪዋ መመላለሷን አላቆመችም፤ ጥያቄዋንም አልደገመችም። አንዳንድ ሰው ሲጠብቁት ነው የሚናገረው።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች ተዋናይዋ በመጨረሻ። «ዘበኛው እመቤቲቱን አንቱ ነው የሚላት። ‹በሩን ይክፈቱልኝ› ነው የተጻፈው። ጋሼ ‹ክፈቺልኝ› አሉ። ከማይክራፎን ውጭ እኔን አንቺ ነው የሚሉኝ፤ እንደ ልጃቸው ነኝ። ተሳስተው መሰለኝና…»

«እና?»

«አረምኳቸው። ‹ጋሼ፣ ይክፈቱልኝ ነው የሚለው› አልኳቸው። ከዚያ የራሴን ብዬ ዘጋሁ።» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለፖሊሱም፣ ለእናቴም። እባክዎ አይንገሩብኝ። ምናልባት እየተለማመዱ ነበር፤ የታመሙት ከዚያ በኋላ ነው። አይደል? እንደሱ ሊሆን ይችላል አይደል?»

መርማሪዋ መልስ ልትሰጣት አፏን ከፍታ፣ ያልያዘችውን ነገር ላለመስጠት ዘጋችው።

ከዚያ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ሄደች። የድምፅ ባለሙያው በቅጽል ስሙ «ኳኳታ» ነው የሚባለው። ክፍሉ በአሮጌ ጫማ፣ በመቀርቀሪያ፣ በቁልፍና በተሰበረ ሸክላ ተሞልቷል። ስትገባ ሁለት የሴት ጫማ እጁ ላይ አድርጎ ጣውላ ላይ እያራመደ ነበር።

«አንድ ጊዜ እትዬ፣ ደረጃውን ልጨርስ» አላትና ወርዶ ጨረሰ።

«በዚህኛው የድራማው ክፍል ላይ ዘበኛው ፓፍ ይነፋል፤ ድምፁን በምን ልትሠራው ነበር?»

«በባዶ ፓፍ። ጎረቤቴ ስትጥል ለምኜ ያመጣኋት ናት። ስትነቀነቅ ቀጭ ቀጭ ትልልኛለች፤ ፊስታዋን በአፌ አደርገዋለሁ።» በጥርሱ መሐል ፊስ አደረገ። «እውነተኛው ፊስታ እንደሁ ማይክራፎን ላይ ጎማ ሲተነፍስ ይመስላል። እዚህ ቤት እትዬ፣ እውነተኛ ነገር ሁሉ ድምፁ ውሸት ነው። ዝናቡ ጨው ነው፣ እሳቱ የተጨማደደ ላስቲክ ነው። አንዴ እውነተኛ ጥፊ ቀድተን ነበር፤ አድማጭ ደውሎ ‹ምኑ ነው የተንጣጣው?› አለን።»

«ባዶዋን ፓፍ አሳየኝ።»

ከሳጥኑ ውስጥ ፈልጎ ሰጣት። መርማሪዋ ጫን አደረገቻት። ፊስ!

ኳኳታ ዓይኑ ፈጠጠ። «ኧረ ጉድ! ይቺ የኔ አይደለችም! የኔይቱ ትንፋሽ የላትም!»

የፓፏ አፍ ዙሪያውን በጥርስ ተነክሷል።

«ሳጥንህን ማን ይነካል?»

«ማን ያልነካው! እንደ ገበያ መሐል ክፍት ነው። ጋሼም ቢሆኑ ኮታቸውን ፓፋቸው እንዳለችበት ኮሪደሩ ላይ ነው የሚሰቅሉት፤ ሊቀመጡ ሲሉ ነው ፓፏን ይዘው የሚገቡት። ኮት ማይክራፎን ፊት ስለሚንኮሻኮሽ እኔ ነኝ የከለከልኳቸው።» ድምፁ ወረደ። «ምነው አፌ በተዘጋ!»

«እሳቸው ሲሞቱ አንተ የት ነበርክ?»

«ከምሳ ስመለስ በኮሪደሩ አልፌያለሁ። ከመቅረጫው ክፍል በር በላይ ቀይ መብራት በርቶ ነበር። ቀይ ከበራ ሰው እየተቀረጸ ነው። የገዛ ቤቴ ቢቃጠል እንኳ ያን በር አልከፍትም፤ ዞሬ ሄድኩ።»

«መብራቱ ከየት ነው የሚበራው?»

«ከመስታወቱ ወዲያ፣ ከመቆጣጠሪያው ክፍል። ከሌላ ከየትም አይበራም። በሩ ቁልፍ የለውም፤ ማንም ይገባበታል።»

ሬሳው ሲገኝ ግን መብራቱ ጠፍቶ ነበር። መርማሪዋ ይህን እያሰላሰለች፣ ከኳኳታ ጫማዎች አንዷን ሳታውቀው ይዛ ወጥታ ኖሮ ከኮሪደሩ ተመልሳ ሰጠችው።

የድራማው ደራሲ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ሲበላ አገኘችው። ወጣት ነው፤ ዓይኑ ሌሊቱን እንዳልተኛ ይናገራል።

«እኔን ነው የሚጠረጥሩት» አላት ሳትጠይቀው። «እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔን ነበር የምጠረጥረው። ሰውዬው እኔ እንደጻፍኩት ሞቱ።»

«ሰው ሁሉ እንደሱ ነው የሚለው።»

«ተገላቢጦሽ ነው! እኔ ነኝ እሳቸው እንደሚሉት የጻፍኩት። ባለፈው ክረምት አውቶቡስ ውስጥ አብረን ሳለን ሕመማቸው ተነሳ። ሾፌሩን ‹ትንፋሼ ተቆረጠ፣ በሩን ክፈቱልኝ› አሉት። ሁልጊዜ ሲያማቸው በር ክፈቱልኝ ነው የሚሉት። ቃሉ ልቤ ውስጥ ቀረ፤ ሰረቅኩት። ዘበኛው አፍ ውስጥ ከተትኩት፤ ለእመቤት ስለሚናገር አንቱታ ጨመርኩበት፤ በቃ።» ራሱን ነቀነቀ። «ይኼኛውን የትናንቱን ነገር ብጽፈው ደግሞ አዘጋጁ አይቀበለኝም። ያንንም ቢሆን ‹ሰው እየታፈነ እንዲህ አይናገርም፤ ማን ያምናል?› ብሎ መልሶብኝ ነበር። በጆሮዬ የሰማሁት ነው ስለው፣ ‹እስቲ እኔም በጆሮዬ ልስማው› አለኝ።»

«እንደዛ አለህ?»

«ባሕርይው ነው። ጆሮዬ አይዋሸኝም ይላል።»

አዘጋጁ ራሰ በራ፣ ረጋ ያለ፣ ሲናገር የራሱን ድምፅ የሚያዳምጥ ዓይነት ሰው ነው። ቢሮው ግድግዳው ሙሉ በድሮ ቅጂዎች ተሞልቷል። መርማሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ተቀበለች፤ እግሯ ግን ከጠረጴዛው ሥር መወዛወዙን አልተወም።

«ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«ምሳዬን ልበላ ወጥቼ፣ ከዚያም ትንሽ እግሬን አፍታትቼ ነበር። ስመለስ ነው ያገኘኋቸው።» ግንባሩን በመዳፉ አበሰ። «እኛ እዚህ ቤት ውስጥ ስንቱን ሰው ገድለናል መሰለዎት! አንዱም ሞት ግን እውነት መስሎኝ አያውቅም። የውሸት ማቃሰት፣ የውሸት መውደቅ። እንዲህ ያለ እውነት ይመጣብናል ብሎ ማን ገመተ?»

«ተዋናይዋንስ ምን ይሏታል?»

«ልጅቷን ክፉ ነች ማለት አልችልም። ግን እኮ…» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ ዘብ በዕድሜያቸው ሙሉ አንድ አንቱታ አዛብተው አያውቁም። ያን ዕለት ብቻ ነው እመቤቲቱን ‹አንቺ› ያሉት። እዚያ ላይ እንኳ ማወቅ ነበረባት! ጆሮ ያለው ሰው ያውቅ ነበር።»

«እውነትዎን ነው» አለች መርማሪዋ። እግሯ መወዛወዙን አቁሟል። «ሁላችሁንም መቅረጫው ክፍል እፈልጋችኋለሁ፤ ዛሬውኑ።»

ከመምሸቱ በፊት ሁሉም ተሰበሰቡ። ኳኳታ በር ሥር ቆሟል፤ ደራሲው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ አዘጋጁ እጁን አጣጥፏል። አለቃው በክፍሉ ካለችው አንዲት ወንበር በቀር መቀመጫ ስላጣ፣ በዚያችም ሰው ስለሞተባት፣ መቀመጥ ፈርቶ ይቁነጠነጣል። ተዋናይዋን አሥር አለቃው አመጣት። ያን ወንበር ስታይ ግድግዳውን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ነገርን ከሥሩ ነው» አለች መርማሪዋ፤ ሁለቱን ፓፎች በሁለት እጇ ያዘች። «ይቺ ጋሼ ዘብ እጅ ላይ የተገኘችው ናት። ባዶ ናት፤ ጥርስም አልነካትም። ይቺ ደግሞ ከኳኳታ ሳጥን የወጣችው። ሙሉ ናት፤ አፏ ታኝኳል። ጋሼ ዘብ የሚያኝኩ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ጠዋት ኮታቸው ኮሪደሩ ላይ እንደተሰቀለ፣ ሰው የእሳቸውን ወስዶ የኳኳታን ባዶ ፓፍ አስቀምጦላቸዋል።»

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው» አለ አለቃው። «ጠዋት እሷ እዚህ ነበረች።»

«ሁሉም እዚህ ነበሩ፣ ጌታዬ። ጋሼ ዘብ ሲታፈኑ ግን እሷ ፀጉር ቤት ነበረች፤ ምስክርዎ ፀጉር ሠሪዋ ራሷ ናት። ታዲያ በዚያ ሰዓት ቀዩን መብራት ማን አበራው? ኳኳታ በርቶ አይቶታል፤ የሚበራው ደግሞ ከዚያ ወዲያ ካለው ክፍል ብቻ ነው።» ወደ መስታወቱ ዞረች። «አሥር አለቃ፣ እዚያ ግባና የክፍሉን መብራት አጥፋው።»

አሥር አለቃው ሄደ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ክፍል ጨለመ፤ መስታወቱም ላይ የራሳቸው ፊት ብቻ ተደርድሮ ታያቸው።

«አሥር አለቃው አሁን እያየን ነው፤ እኛ ግን አናየውም። ትናንትም አንድ ሰው እዚያ ተቀምጦ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ማይክራፎኑን ከፍቶ ይቀርጽ ነበር። ጋሼ ዘብ ቀና ሲሉ ያዩት የገዛ ፊታቸውን ነው። ያ በር ለጤነኛም በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም። ትንፋሽ ያጣ ሽማግሌ ጣቱ ያገኘውን ቁጥር ነካ፤ ልጅቷ ጠዋት ስላዩዋት እዚሁ ግቢ ያለች መስሏቸዋል።»

«ማን ነው ታዲያ?» አለ አለቃው።

መርማሪዋ ተዋናይዋን አየቻት። ቃሉን ብትናገረው ልጅቷ ከእስር ትወጣለች፤ ባትናገረው ነገ ክሱ ይከፈታል። ልጅቷ ግን ዝም ይበሉልኝ ብላ ለምናታለች። መርማሪዋ ተናገረች።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ጋሼ ዘብ በስልክ ‹በሩን ክፈቺልኝ› ነው ያሏት፤ ጽሑፉ ‹ይክፈቱልኝ› እያለ። ይህን እሷ ለማንም አልተናገረችም፤ ለእኔ ዛሬ ጠዋት በር ዘግተን ነገረችኝ። ፀጉር ሠሪዋም አልሰማችም። ስለዚህ ጋሼ ዘብ አንቱታውን መሳታቸውን ሊያውቅ የሚችለው፣ ከስልኩ በዚህኛው ጫፍ ሆኖ ድምፃቸውን የሰማ ሰው ብቻ ነው።» ወደ አዘጋጁ ዞረች። «ምሳ የወጣ ሰው አይደለም። ‹እዚያ ላይ እንኳ ማወቅ ነበረባት› ብለህኛል። አንተ በምን አወቅክ?»

«አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አለ ኳኳታ ቀስ ብሎ። «አንተን ሁለቱም ደረሱብህ።»

ማንም አልሳቀም። አዘጋጁ እጁን ፈታ፤ የሚያደርስበት አጥቶ መልሶ አጣጠፈው።

«ልገድላቸው አልነበረም» አለ። «እግዜር ያውቃል። እውነተኛውን ድምፅ ፈልጌ ነው። ሕይወቴን ሙሉ የውሸት ሞት ስቀርጽ! ሕመሙ ልምምድ ላይ እንደሚነሳባቸው አውቃለሁ፤ ትንሽ፣ አንዴ ብቻ ሲታፈኑ ልቅረጽና ፓፋቸውን ይዤ ልገባ ነበር።»

«ለምን አልገባህም?» አለ ደራሲው።

«አልጀመራቸውማ! ማለቴ… አልመሰለኝም። ሰው ሲታፈን ይጮኻል፣ ያጓራል፣ ወንበር ይገለብጣል ብዬ ነው የጠበቅኩት። እሳቸው ዝም አሉ። አልፎ አልፎ ትንሽ ሲር የሚል ነገር… እዚህ ቤት ከሰማሁት ማቃሰት ሁሉ እሱ ነበር የውሸት የሚመስለው። እውነተኛው እስኪመጣ ጠበቅኩ፤ አልመጣ ሲለኝ ትቼ ወጣሁ።»

«ስትመለስ ሞተው አገኘሃቸው» አለች መርማሪዋ። «ያችን ፓፍ ሳጥን ውስጥ ጣልክ፣ ቀዩን መብራት አጠፋህ፣ ቅጂውን ደመሰስክ። ልጅቷ ስትያዝ ደግሞ አፍህን ይዘህ ተቀመጥክ። ይኸኛውስ ለየትኛው ድምፅ ነበር?»

አለቃው አሥር አለቃውን በእጁ ጠቅሶ ጠራና አዘጋጁን ያዘው አለ፤ ከዚያ ወደ ተዋናይዋ ሄዶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እህቴ፣ ይቅርታ፣ ነፃ ነሽ» አላት። ከልቡ ነበር።

ተዋናይዋ አልሰማችውም። ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች አዘጋጁን ቀና ብላ አየችው።

«እኔ ከዘጋሁት በኋላ» አለች፣ «የተናገሩት ነገር አለ?»

መርማሪዋ ፈጠን ብላ በመሐላቸው ገባች። «ተይው፣ ልጄ። ይህን አትጠይቂ።»

«እሱ ነው የሰማቸው። ከእሱ ሌላ ማንን ልጠይቅ? ይንገረኝ።»

አዘጋጁ መርማሪዋን አየ፤ ልጅቷን አየ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ።

«‹ክፈቺልኝ› ሲሉ ደንግጬ ተነስቼ ነበር። አንቱታ ስተው አያውቁማ። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ እንዳለ እጄ በሩ ላይ ነበር፤ ልገባ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ ስልኩ ተዘግቶ ሳለ፣ አስተካክለው አሉት። ‹ይክፈቱልኝ› አሉ። እሺ፣ ለካ ልምምድ ላይ ናቸው ብዬ ማዳመጫውን አወለቅኩ። ሄድኩ።»

ኳኳታ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ደራሲው ደረጃው ላይ ሳይበላው የቀረ ጥፍር ያለ ይመስል ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። መርማሪዋ ልጅቷ አጠገብ በርከክ ብላ፣ የገደላቸው ፓፉን የለወጠው ሰው ነው፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም አለቻት። ደጋግማ አለቻት።

«አውቃለሁ» አለች ተዋናይዋ። «አስተካክለው አሉት?»

«አዎ» አለ አዘጋጁ።

አሥር አለቃው አዘጋጁን ይዞት ወጣ፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉ። አለቃው በመጨረሻ በሩን በትከሻው ገፍቶ፣ እንዳይዘጋባት በእግሩ ደግፎ፣ ልጅቷን ጠበቃት። በኮሪደሩ የቀን ብርሃን ነበር። እሷ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።